በሰው ጨዋታ ላይ ተመስርቼ የሠራሁትን ሲቪዬ ላይ ላስገባው?

ጥያቄሽ ደርሶኛል። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ነሽ፤ 2048 የተባለውን፣ ተመሳሳይ ቁጥሮችን እያጋጠሙ 2048 ላይ የሚደርሱበትን ጨዋታ ኮድ ወስደሽ ቁጥሮቹን በግዕዝ የቀየርሽበት ጨዋታ ሠርተሻል። ጓደኛሽ ደግሞ «የሰው ሥራ ነው፣ ሌባ ያስብልሻል» ብላ አስፈራርታሻለች።

አስገቢው። ግን ከማን ሥራ እንደተነሳሽ እንዳትደብቂ።

የጓደኛሽ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም። ሠሪው ጋብሪዬሌ ቺሩሊ 2048ን በማርች 2014 እ.ኤ.አ. ሲለቅ፣ ተመሳሳዩ ጨዋታ «ትሪስ» (Threes) ከወጣ ገና ወር ቢያልፈው ነው። አሸር ቮልመርና ግሬግ ዎልዌንድ ትሪስን ከዓመት በላይ ለፍተውበት ለገበያ አቀረቡት፤ 2048 ግን በነጻ መጣና ዓለምን አዳረሰ፤ ከዚያ በኋላ ጭራሽ ትሪስን የ2048 ኮፒ ነው የሚሉ ሰዎች መጡ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ለፍቶ የፈጠረው ሰው ኮራጅ መባሉ። ቺሩሊ በበኩሉ 1024 ከተባለ ሌላ ጨዋታ እንደተነሳና ጨዋታው ከትሪስ ጋር እንደሚመሳሰል ገጹ ላይ ጽፏል። ኮዱንም ለሁሉም ክፍት አድርጓል።

የቅጂ መብት ሕግ ሐሳብን የአንድ ሰው ብቻ አያደርግም፤ የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 እንደዚያው ነው። መልክን መገልበጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ፍርድ ቤት «ሚኖ» የተባለውን ጨዋታ የቴትሪስን መልክ ስለገለበጠ ጥፋተኛ ብሎታል። የሚኖ ሠሪዎች የጨዋታው ሕግ ነጻ ነው ማለታቸው አላዳናቸውም።

ስለዚህ መጀመሪያ የኤምአይቲ ላይሰንሱን (ኮዱን መጠቀም የሚፈቅደውን ፈቃድ) ጽሑፍና የቺሩሊን ስም ከኮድሽ ውስጥ እንዳታጠፊ። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ኮዱ በነጻ የተሰጠው ይሄ እንዲቀመጥ በሚል ግዴታ ነው። ሲቪሽ ላይ ደግሞ «በቺሩሊ 2048 ላይ የተመሠረተ» ብለሽ በግልጽ ጻፊ፤ ትሪስንም ጥቀሺ።

ከዚያ ያንቺን ድርሻ አሳዪ። ቀጣሪ መጠየቁ አይቀርም፣ «አንቺ ምን ጨመርሽ?» ይልሻል። ፪ እና ፬ ሳጥኑ ውስጥ በደንብ ይገባሉ፤ ፲፻፳፬ ጋ ስትደርሺ ግን ፊደሉ ይጠባል፣ ተጫዋቹም በጨረፍታ መለየት አለበት። ይሄን እንዴት እንደፈታሽው፣ የቱን ፎንት ሞክረሽ እንደተውሽ አስረጂ። ቀለምና ቁጥር ብቻ ከቀየርሽ ግን እባክሽ እንዳትሸጪው፣ ለልምምድ የሠራሁት ነው በይ።

ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ስለ ጨዋታው የጻፍሽውን አንቀጽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።