ሕክምናና ራግቢ፦ «የቱን ልተው?» ላልከኝ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ካርዲፍ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነህ፤ አንድ የራግቢ ክለብ የሁለት ዓመት ኮንትራት አቅርቦልሃል፤ እናትህ «መጀመሪያ ዲግሪህን ያዝ» ብለውሃል፤ መልስ ለመስጠት የቀረህ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። «የቱን ልተው?» ብለህ ጠየቅከኝ። ለመሆኑ ትምህርቱ ስንት ዓመት ሊራዘም እንደሚችል ፋኩልቲህን ጠይቀሃል?

ይህን የምልህ የራግቢ ተጫዋቹን የጄሚ ሮበርትስን ጉዳይ ስለማውቅ ነው። ኒውፖርት ተወልዶ ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠና ሰው ነው። በ2008 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን መሰለፍ ጀመረ። በ2009 ከብሪታንያና አየርላንድ ላየንስ (ከእነዚህ አገሮች ምርጥ ተጫዋቾች ከሚዋቀረው ቡድን) ጋር ደቡብ አፍሪካ ሄዶ የተከታታይ ጨዋታዎቹ ኮከብ ተባለ። ለዌልስ 94 ጊዜ ተሰልፏል። በሐኪምነት የተመረቀው በ2013 ሲሆን፣ በዚያው ክረምት ሲድኒ ላይ ላየንስ አውስትራሊያን ባሸነፈበት የመጨረሻ ጨዋታ ትራይ አስቆጥሯል። ሰው ሁሉ «ሁለቱንም አደረገው» ይላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ በተለምዶ አምስት ዓመት የሚፈጀውን ትምህርት እሱ ስምንት ዓመት ፈጀበት። ቀስ ብሎ መሄድን አላፈረበትም።

ከእሱ በፊት የነበረው ጄ ፒ አር ዊሊያምስም 55 ጊዜ ለዌልስ ተጫውቶ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ሆኗል። የእሱን መንገድ ግን ለአንተ አልመክርህም። ያኔ ራግቢ ዩኒየን (አሥራ አምስት ሆነው የሚጫወቱት ራግቢ) ደመወዝ አልነበረውም፤ እስከ 1995 ድረስ ተጫዋቹ ሌላ ሥራ መያዝ ግዴታው ነበር። ዛሬ ክለቡ ይከፍልሃል፣ ጠዋትህንም ይወስዳል። ዎርድ ውስጥ ከሐኪሙ ጋር ታካሚ የምትጎበኝበትም ሰዓት ያው ጠዋት ነው። ያመለጠህን ሌክቸር ማታ ቁጭ ብለህ ታካክሰዋለህ፤ ያመለጠህን ታካሚ ግን በኋላ አታገኘውም። ስለዚህ ዕረፍት የምትወስድ ከሆነ የክሊኒክ ልምምዱ ሳይጀመር፣ አሁን ቢሆን ይሻላል።

ለእናትህም እውነቱን ንገራቸው። ሮበርትስ እንደተመረቀ ሆስፒታል አልገባም፤ ፈረንሳይ ሄዶ ራሲንግ ለሚባለው የራግቢ ክለብ ተጫወተ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ ካርዲፍ ተመልሶ በሆስፒታል በበጎ ፈቃድ አገልግሏል፤ በሐኪምነት ሳይሠራ ስለቆየ ግን የተሰለፈው ታካሚ በማከም አልነበረም። ጨዋታውም ቀላል አይደለም። በ2008 ከአውስትራሊያ ጋር ሲጫወት ከተጋጣሚ ጋር ተላትሞ የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ጻፍ። አንዱ ለፋኩልቲው ዲን ነው፦ ትምህርቱን በስንት ዓመት መጨረስ ይፈቀድልኛል? ዕረፍት ብወስድ ቦታዬ ይጠበቅልኛል? ሁለተኛው ለክለቡ ነው፦ ለፈተና ትለቁኛላችሁ? ብጎዳ ደመወዜ እስከ መቼ ይቀጥላል? መልሱን በቃል አትቀበል፤ በጽሑፍ ይስጡህ። ከመፈረምህ በፊት ኮንትራቱን ላክልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።