ሮቶ ከመግዛታችሁ በፊት

ተደራጅታችሁ ብድር ልትጠይቁ ያሰባችሁ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሰሞኑን ወሬያችሁ ሁሉ አኳፖኒክስ፣ ማለትም ዓሣና አትክልት በአንድ ውሃ ማልማት፣ ሆኗል። አልፈርድባችሁም። የአባት ማሳ ለልጆች ሲከፋፈል ለአንዱ የሚደርሰው በሬ እንኳ አያዞርም። ሕዝቡ ከ120 ሚሊዮን አልፏል። ግብርና ላይ ያረጀ ሰው ይህን ለማየት መነጽር አያስፈልገውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዓሣው ከሚያስወግደው ቆሻሻ አሞኒያ ይወጣል። ለእሱ ለራሱ መርዝ ነው። ፓምፑ ውሃውን ጠጠር ወደተሞላው የአትክልት መደብ ይገፋዋል። እዚያ ጠጠሩ ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሰላጣው ናይትሬቱን ይመገባል፣ ውሃው ጸድቶ ይመለሳል። ስለሚዞርም ከተለመደው መስኖ እስከ 90 በመቶ ውሃ ይቆጥባል። ጠጠር ከጠፋ ለግንባታ የምንጠቀምበት ሬድ አሽ በደንብ ታጥቦ ይሠራል።

ቦታው ግን ይለያል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳር ውርጭ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ አልነግርም። ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ፣ የሚወደው ከ27 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ነው። ከ20 ሲወርድ መብላት ይቀንሳል፣ ወደ 12 ሲጠጋ ይሞታል። ደጋ ላይ ያለ ላስቲክ ቤት ቆሮሶ አረባለሁ ማለት ብር መበተን ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን ያምራል። ደጋ ላይ የግድ ካላችሁ ካርፕ የሚባለውን ዓሣ አስቡ፤ እሱ ብርድ ይችላል።

አሁን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጡ። ሺህ ሊትር ሮቶ ለጀማሪ 20 ኪሎ ዓሣ ይበቃዋል። ያ ዓሣ በቀን 200 ግራም ያህል መኖ ይበላል። አንድ ካሬ ሜትር ቆስጣ ወይም ሰላጣ ደግሞ በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ የሚበላ ዓሣ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሮቶ የሚችለው አራት፣ ቢበዛ አምስት ካሬ ሜትር ነው። የጓዳ ወጥ ይደጉማል። ብድር ለመመለስ ግን ብዙ ሮቶ፣ ብዙ መኖ ያስፈልጋል። አኳፖኒክስ ጤፍ ይተካል የሚላችሁን አትስሙት።

መኖው ነው ኪስ የሚያራቁተው። ፉርሽካ ርካሽ ነው፣ ብቻውን ግን ዓሣ አያሳድግም፤ ፕሮቲን ይጎድለዋል። የኑግ ፋጉሎ መቀላቀል ይረዳል።

መብራት ሲጠፋስ? ጠዋት ገንዳው ጋ ስትደርሱ ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውሃው በላይ እየከፈቱ እየዘጉ ካገኛችኋቸው ርቧቸው አይደለም። አየር አጥሯቸዋል። መኖ እንዳትጥሉ። በባልዲ ከገንዳው እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፣ ፓምፑ እስኪነሳ ሳታቋርጡ። ክንድ ይዝላል፣ ዓሣው ግን ይተርፋል። ትንሽ ባትሪና ሶላር በጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ።

ሽንኩርት ላይ የለመዳችሁትን መርጨትም ተዉት። ቅጠሉ ላይ ያረፈው መድኃኒት ወርዶ ዓሣውን ይጨርሰዋል። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ደግሞ በሽታ አይደለም፤ ብረት አጥሮት ነው።

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው። ገበያው ግን በጾም ይደራል። ቆሮሶ በሞቀ ውሃ ለገበያ እስኪደርስ ከ6 እስከ 8 ወር ይፈጃል። ለዐቢይ ጾም ልትሸጡ ካሰባችሁ ጫጩቱ ሰኔ ላይ ውሃ ውስጥ ይግባ። ባክቴሪያዎቹ በቂ እስኪሆኑ ደግሞ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ስለዚህ ውሃው ከሚያዝያ ጀምሮ፣ ጥቂት መኖ እየጣላችሁበት፣ ያለ ዓሣ ይዙር። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ቀድማችሁ ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት።