ደርከም ያለበት ሰው ድካሙ ከየት ነው የሚመጣው?

ሰላም እህቴ። «ደርከም አለብሽ ተብያለሁ፤ እኔን ግን ከህመሙ ይልቅ የሚጥለኝ ድካሙ ነው። ከሱ የመጣ ነው ወይስ ስር የሰደደ ድካም የሚባለው በሽታ ተደርቦብኝ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሐኪም አይደለሁም። ከደርከም፣ ማለትም የሰውነት ስብ ከሚያምበት በሽታ ጋር ግን ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

በመጀመሪያ ድካሙ የስንፍና ሰበብ አይደለም። እንዲያ የሚልሽ ሰው አይጠፋም፣ እኔንም ብለውኛል። ፍራንሲስ ደርከም የተባለው አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም በሽታውን የጻፈው በፈረንጆቹ 1888 ነው። ዋናው ምልክት ስቡ ራሱ ማመሙ ነው፤ ያውም ከሦስት ወር በላይ። ግን ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መርሳትና የመገጣጠሚያ ህመም ብዙ ጊዜ አብረውት ይመጣሉ። የኔ ድካም በአብዛኛው ከሌሊቱ ነው የሚጀምረው። በተገላበጥኩ ቁጥር አንዱ የስብ እብጠት ከስሬ ይጫንና ያነቃኛል። እንዲህ ያደረ ሰው ጠዋት ምን ጉልበት ይኖረዋል?

ስር የሰደደ ድካም የሚባለው ግን ሌላ ጠባይ አለው። ቢያንስ ስድስት ወር የሚቆይ ነው። ተኝተሽም አያሳርፍሽም፣ ጭንቅላትሽ ጭጋግ ይሆናል፣ አንዳንዱ ቆሞ መቆየት ያቅተዋል። ትልቁ መለያው ግን የሥራው ዕዳ ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ሁለቱም ያለባት አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ልብስ ያጠበች ቀን ደህና ትውላለች። በማግስቱ ወይ በሦስተኛው ቀን ግን ከአልጋ አትነሳም፤ ከዚያም ሳምንት ልትከርም ትችላለች። እኔ ደግሞ ስሠራ ይደክመኛል፣ ደህና ከተኛሁ ግን በማግስቱ ይሻለኛል። ይህን ያወቅኩት ለሁለት ወር ማስታወሻ ይዤ ነው፤ የሠራሁትን፣ እንቅልፌን፣ ህመሙን እየጻፍኩ።

ሁለቱን በሽታዎች በደም ምርመራ ለይቶ የሚያሳይ ነገር የለም፣ መነሻቸውም ገና አልታወቀም። ሐኪሙ የሚለየው ጠይቆ፣ ነካክቶና ሌላውን በሽታ አስወግዶ ነው። እና አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

መለየቱ ለምን ይጠቅማል ትይ ይሆናል። ምክሩ ስለሚለያይ ነዋ! እኔን ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ፣ በተለይ ውሃ ውስጥ፣ ይረዳኛል። ጓደኛዬን «ትንሽ ጨምሪ፣ ትለምጂዋለሽ» ብለው አባባሱባት። ለእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ በ2021 እንቅስቃሴን በየጊዜው እየጨመሩ መሄድን ለዚህ ድካም እንደ ሕክምና መስጠት ይቅር ብሏል። አሁን እሷ ጉልበቷን እንደ ወር ደሞዝ ቆጥባ ነው የምትጠቀመው፤ ሳይደክማት በፊት ታርፋለች።

አንድ ስህተቴንም ልንገርሽ። ሁሉንም ነገር በደርከም ላይ ጥዬ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። አንድ ሐኪምም «ክብደት ቀንሺ» ከማለት አላለፈም፤ ቀነስኩ፣ የስቡ ህመም ግን ንቅንቅ አላለም። ኋላ ላይ ሌላ ሐኪም «ታንኮራፊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ እንቅልፍ ላይ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ነበር! አሁን በማታ የአየር መሣሪያ አድርጌ ነው የምተኛው። ድካሙ ሙሉ በሙሉ አልሄደም፣ ግን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ማንጎላጀቱ ቀርቷል። ስለዚህ ታይሮይድሽን፣ የደም ማነስን፣ ስኳርን ሳታስመረምሪ ስም አትቀበይ። መድኃኒቶችሽንም እይ። ለነርቭ ህመም የሚሰጡት እንደ ፕሪጋባሊን ያሉት ራሳቸው ያደነዝዛሉ። ግን በራስሽ እንዳታቆሚ፣ ሐኪምሽን አማክሪ።

እስቲ አንቺም ንገሪኝ፦ ብዙ የሠራሽ ቀን የሚጥልሽ ያኔውኑ ነው ወይስ በማግስቱ? ለህመሙ የምትወስጂውስ ምንድን ነው?