ጥቁር ሲሉት ሐምራዊ የሚሆነው ወፍ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከግቢያችን የራስ ክምር አበባ ላይ በየጠዋቱ አንድ ትንሽ ወፍ አይጠፋም። ጥላ ውስጥ ሲሆን ከሰል ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ይሆናል። ከጅራቱ መሐል ሁለት ቀጫጭን ላባዎች ረዝመው ወጥተዋል። ቨርጂኒያ ለምትኖረው ታናሽ እኅቴ ፎቶውን ብልክላት «ሀሚንግበርድ ነው፤ እኛ በረንዳ ላይ የስኳር ውኃ እንሰቅልለታለን» አለችኝ። እውነቷን ነው? እኔስ ልስቀልለት? ሌላው ነገር፣ ጠበኛ ነው። ሌላ ወፍ ዝር አያስብልም፤ የመኪናችንን የጎን መስታወት ሳይቀር ይደበድባል። (አንባቢ፣ ከሽሮ ሜዳ)

መልስ፦ ታናሽዎ አይቀየሙኝና ሀሚንግበርድ አይደለም። ሀሚንግበርድ የአሜሪካ ምድር ወፍ ነው፤ ከዚያ ውጭ በዱር አይኖርም። የእርስዎ እንግዳ ሰንበርድ ከሚባሉት ወገን ነው፤ እኔ ለራሴ «አበባ ቀሳሚ» እላቸዋለሁ። ሁለቱ ወገኖች በዝምድና እጅግ የተራራቁ ናቸው። የሚያመሳስላቸው ማዕዳቸው ነው፤ ከጠባብ አበባ ውስጥ ወለላ መቅሰም ቀጭን ምንቃርና ረጅም ምላስ ይጠይቃል። ለመለየት እግሩን ይመልከቱ። ሀሚንግበርድ አየር ላይ ቆሞ ይጠጣል። የእኛው ለአፍታ ቢንሳፈፍም ቆንጥጦ የሚቀመጥበት ግንድ ካገኘ መቀመጡን ይመርጣል። ራስ ክምርን የሚወደውም ለዚህ ይመስለኛል፤ አበባው በጠንካራ ግንድ ዙሪያ ክምር በክምር ስለሚደረደር አንዱን ደርብ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው በእግሩ ይወጣል።

የጻፉልኝ መልክ የተከዜ ሰንበርድ ወንዱ ነው። ሴቷ አመድማ ናት፤ አጠገቡ ተቀምጣ አይተዋት «ድንቢጥ» ብለው አልፈዋት ይሆናል። የወንዱ ሐምራዊነት ላባው ላይ የተቀባ ቀለም አይደለም። የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃኑን ሲመልሰው የሚፈጠር ነው፤ የሳሙና አረፋ ላይ የሚታየው ኅብረ ቀለም ዓይነት። ብርሃኑ በትክክለኛው አቅጣጫ ካልመጣ ከሰል ሆኖ ይቀራል።

ጠበኛነቱን በተመለከተ፣ ለዚህ ጥያቄ ጊዜ ብሰጠው ይፍቀዱልኝ፤ በማስተማር ሕይወቴ ከሁሉ የምወደው ትምህርት ይህ ነበር። ጊልና ዎልፍ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ኬንያ ውስጥ የራስ ክምርን የቅርብ ዘመድ የሚቀስም ባለ ወርቃማ ክንፍ ሰንበርድ ተከታትለው ውጤቱን በ1975 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ወፉ ዝም ብሎ ሲቀመጥ በሰዓት 400 ካሎሪ ያህል ያቃጥላል፤ አበባ ሲቀስም 1000፤ ባላንጣ ሲያባርር 3000። (ይህ የፊዚክሱ ትንሹ ካሎሪ ነው፤ ምግብ ላይ የሚጻፈው የዚህ ሺህ እጥፍ ነው።) ማባረር ከመቀመጥ ሰባት እጥፍ ተኩል ያስከፍላል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ይጣላል? ሌላ ያልነካው አበባ ወለላው ሞልቶ ይጠብቃል። አበባው ሙሉ ከሆነ ወፉ ቶሎ ይጠግባል፤ የተረፈውን ሰዓት ተቀምጦ ያሳልፋል። በጠብ ያወጣውን በዕረፍት ይመልሳል። አበባው እጅግ ሲበዛ ወይም ወለላው ሲያንስ ግን ሒሳቡ ስለማይወጣለት ጠቡን ይተወዋል። እንግዲህ የእርስዎ ወፍ ቁጡ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ያንን የአበባ ቁጥቋጦ መጠበቅ ያዋጣዋል።

መስታወቱ ላይ ያለው ባላንጣ ደግሞ አይሸሽም፤ ስለዚህ ሒሳቡ አይዘጋም። መኪናው በቆመ ቁጥር መስታወቱ ላይ አሮጌ ካልሲ ያጥልቁበት። ጎረቤት ይስቃል፤ የእኔም ስቀዋል።

ወደ ስኳሩ ልምጣ። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ያውም በስኳር ሳይሆን «ማር ይሻላል» ብዬ። ማር በውኃ በጥብጬ ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ ሰቀልኩ። ፀሐይ ላይ ሰንብቶ ሄጄ ባሸተው ወደ ጠጅነት እየሄደ ነው። ወፎቹ አልቀመሱትም፤ ንብና ጉንዳን ግን ድግሱን ሰምተው መጥተዋል። ማር ቶሎ ይፈላል፣ ይሻግታልም፤ ለወፍ አይሆንም። የግድ ልስቀል ካሉ አንድ እጅ ነጭ ስኳር በአራት እጅ ውኃ ይበጥብጡ፤ ቀለም አይጨምሩ፤ በሁለት በሦስት ቀን ዕቃውን አጥበው ይለውጡ። እኔ ግን አልመክርዎትም። እሬት ይትከሉ፤ ቦታ ካለዎት ኮርች። የእነዚህን አበቦች ቀለም ልብ ይበሉ፤ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ናቸው። ጠጋ ብለው ቢያሸቷቸው ይህ ነው የሚባል ሽታ አያገኙም። ንብ ቀይን በደንብ አታይም፤ ወፍ ደግሞ አበባውን የሚያገኘው በዓይኑ እንጂ በሽታ አይደለም። አበባው ደንበኛውን የመረጠ ይመስላል። ሒሳቡም የሚከፈለው በግንባር ነው፤ ወፉ ምንቃሩን ራስ ክምሩ ውስጥ ሲሰድ ከላይ ያጎነበሰው የአበባው ከንፈር ግንባሩን በአበባ ዱቄት ይነካዋል፤ ያንን ዱቄት ወደሚቀጥለው ተክል ይዞት ይሄዳል። ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር ካለዎት ግንባሩን ይዩት።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ተባይ መርዝ አይርጩ። ጫጩት በስኳር አያድግም፤ ትንንሽ ነፍሳትና ሸረሪት ይፈልጋል። ሸረሪቱም ለጎጆ ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ሴቷ የወጥ ቤታችን መስኮት ጥግ ላይ ተንሳፍፋ በምንቃሯ የሸረሪት ድር ስታጠነጥን አየሁ። ትመዛለች፣ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። ሣሩንና የዛፍ ልጣጩን የምታያይዘው በዚያ ድር ነው፤ ከቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ፣ በሩ ከጎን የሆነ ከረጢት ትሠራለች። ወንዱ በሥራው እጁ የለበትም። ባለቤቴ መጥረጊያ ይዛ ስትመጣ «ለአንድ ሳምንት ተይው» ብዬ ለመንኳት፤ ሁለት ሳምንት ሆነ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወፉ በወንዛችን በተከዜ የተጠራው ለምንድን ነው? ወንዙ ዳር ሄጄ ፎቶ ላነሳው አስቤያለሁ። (ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ልጄ፣ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን ሄንሪ ሶልት የሚባል እንግሊዛዊ መልእክተኛ በትግራይ በኩል መጥቶ ነበር። የሰበሰባቸውን ወፎች ይዞ ተመለሰ፤ ስታንሊ የተባለ ሰው በ1814 እ.ኤ.አ. ለዚህኛው ታካዜ የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ስሙን ተከትለህ ወደ ሸለቆው አትውረድ። ወፉ የደጋ ነው፤ የተራራ ደን ዳርቻ፣ የቤተ ክርስቲያን አጸድና የደጋ ጓሮ ይወዳል። የተከዜ ሸለቆ ግን ቆላ ነው። ለአውቶቡስ የምትከፍለውን ብር አስቀምጥና ማለዳ አቅራቢያህ ወዳለ አጸድ ሂድ፤ ያበበ እሬት ወይም ራስ ክምር ፈልገህ ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ ቁም።