ለአራት ሰው ሁለት ኪሎ?

ጥያቄ፦ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋ ቤት እንገባለን። ለአራት ሰው ሁለት ኪሎ ይታዘዛል፤ ሁሌ ይተርፋል። የከብት ሥጋ ለአየር ንብረት ጥሩ አይደለም ሲባል እሰማለሁ። ሥጋ መተው ግን አልፈልግም። ምን ይሻለኛል? (ወንድማችሁ፣ ከገርጂ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ክትፎዬን አልተውኩም። የሰማኸው ግን እውነት ነው። በሬ ሲያመሰኳ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 ጊዜ በላይ ሙቀት አምቆ ይይዛል። ዶሮ አያመሰኳም፤ ኪሎ በኪሎ ሲተያይ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። በግና ፍየል ግን ያመሰኳሉ፣ እንዳትሸወድ።

የእናንተን ነገር ሳየው ዋናው ችግር ትርፉ ነው። በቀደም ዱከም ቁርጥ በልተን ስንነሳ ትሪው ላይ ሩብ ኪሎ የሚሆን ቀይ ሥጋ አዋዜ ነክቶት ቀርቷል። አስተናጋጁ «ልጠቅልልላችሁ?» ሲል ሁላችንም ጣራ ጣራ አየን። ይሉኝታ! እኔ ነኝ በመጨረሻ «አዎ» ያልኩት። ማታ ቤት ጠብሼው ከልጆቼ ጋር በላነው።

ስለዚህ በአንድ ኪሎ ጀምሩ። ካነሰ ሩብ ይጨመራል፤ ሥጋው እንደሆነ እዚያው ተሰቅሏል። ከጎኑ አንድ ተጋቢኖ ይምጣ። ዱለትም አትናቁ፤ በጉ አንዴ ከታረደ ጨጓራና ጉበቱ ለምን ይጣላል? አንዳንዴ ደግሞ ቀጠሮውን ከቅዳሜ ወደ ዓርብ አዙሩት። በያይነቱ ላይ ማን ከማን እንደሚሻማ ታያለህ።