ስሙዝ ሳይሆን ሪቢን፦ ስለ ዚንክ ኤክሳፍስ ዳታ ኖይዝ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ይህ ነው፦ በኤክሳፍስ (ከኤክስሬይ መምጠጥ ሞገዶች የጎረቤት አተሞችን ርቀት በሚያነብ ልኬት) የታየ፣ ከአቃቂ ወንዝ ዳር የአትክልት ማሳ የተወሰደ አፈር፣ የዚንክ ኬ ጠርዝ (ዚንክ ኤክስሬይን በድንገት አብዝቶ መምጠጥ የሚጀምርበት ኃይል)፣ በፍሎረሰንስ (ናሙናው መልሶ በሚያወጣው ኤክስሬይ) የተለካ፣ በየ0.3 ኤሌክትሮን ቮልት አንድ ነጥብ፤ የኤሌክትሮኑ የሞገድ ቁጥር ኬ (ከጠርዙ ስም ጋር አይገናኝም) ከ8 ሲያልፍ ኖይዝ ውጦታል፤ ስሙዝ ላድርገው (ኩርባውን ላለሳልሰው)? አታድርጊው፤ ሪቢን አድርጊው፤ ማለትም ጎረቤት ነጥቦችን በየቢኑ (በየክፍሉ) ሰብስበሽ አማካያቸውን ውሰጂ።

አቴና (ዳታው የሚዘጋጅበት ፕሮግራም) ዳታውን ወደ ኬ ሲቀይር በየ0.05 ኢንቨርስ አንግስትሮም ኢንተርፖሌት ያደርጋል (በነጥቦች መካከል ያለውን ዋጋ ይገምታል)። ለዚህ የሚጠቀመው አጠገብ ያሉትን ጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ተለክተው ከንቱ ይቀራሉ። 7.62ን በኬ፣ ከዚያ በ0.05 አባዢው፤ የአንዱ ቢን ስፋት በኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል። ኬ 3 ላይ 1.1 ገደማ ስለሆነ አራት ያህል ነጥብ ይገባበታል፤ ኬ 12 ላይ 4.6፣ አስራ አምስት ነጥብ። ኖይዙ በነጥቦቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ስለሚቀንስ፣ በጣም በሚያስቸግርሽ ቦታ ወደ ሩብ ይወርዳል። ምልክቱ አይጎዳም፤ የ0.05 እርምጃ እስከ 31 አንግስትሮም ያለውን የአተም ርቀት ይይዛል፣ አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ ከ5 በታች ነው።

ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። መጀመሪያ ሾጣጣ ግሊቾችን (ድንገተኛ የሐሰት ዝላዮችን) ከየስካኑ አውጪ፤ ሪቢን ከተደረገ በኋላ ግሊቹ በቢኑ ውስጥ ተሰራጭቶ አይታይሽም። ቀጥሎ እያንዳንዱን ስካን ሪቢን አድርጊ፦ የቢኑ ስፋት ከጠርዙ በፊት 10 ኤሌክትሮን ቮልት፣ ከጠርዙ 30 ኤሌክትሮን ቮልት በታች ጀምሮ እስከ 50 በላይ 0.5፣ ከዚያ ወዲያ 0.05 በኬ። የዚንክ ኬ ጠርዝ የተፈጥሮ ስፋቱ 1.7 ገደማ ስለሆነ 0.5 ምንም አያደበዝዝም። ከዚያ ስካኖቹን በማጣቀሻ ፎይሉ (ጠርዙ በሚታወቀው የዚንክ ስስ ቅጠል) አሰልፊና መርጅ አድርጊ (አዋህጂ)። 

ኬ 3 ላይ ያሉትን አራት ነጥቦች አማካይ ስትወስጂ ኖይዙ በግማሽ ካልቀነሰ፣ ጎረቤት ነጥቦች አንድ ዓይነት ኖይዝ ይጋራሉ ማለት ነው። ኃይሉ ሳይቆም በሚቀየርበት ስካን ላይ ማጉያው ቀርፋፋ ሲሆን ይህ ይከሰታል፤ ያኔ የሚጠቅመው ብዙ ስካን ነው። በአፈር ውስጥ ያሉ የኳርትዝ ቅንጣቶች ወደ ዲቴክተሩ የሚወረውሩት ዲፍራክሽንም በሪቢን አይጠፋም። የዲቴክተሩን ቻናሎች ለየብቻ ከፍተሽ የተበላሸውን ከድምሩ አውጪ።

ስሙዝን አጥብቄ የምቃወመው ለሌላም ምክንያት ነው። አርቴሚስ (ሞዴሉን ከዳታው ጋር የሚያዛምደው ፕሮግራም) ኖይዝን የሚገምተው ከአር (ርቀት) 15 እስከ 25 አንግስትሮም ካለው ክፍል ነው። ስሙዝ ያንን ክፍል ስለሚያጠፋው ግምቱ በሐሰት ያንሳል፣ የተቀነሰው ካይ ስኩዌር (የሞዴሉና የዳታው ልዩነት ከኖይዙ አንጻር የሚለካበት ቁጥር) ይተኮሳል፣ አንቺም ትክክለኛ ሞዴል ይዘሽ የተሳሳተ ይመስልሻል።

በመጨረሻ ስካኖቹን ለሁለት ከፍለሽ ለየብቻ መርጅ አድርጊና በኬ ስኩዌር አባዝተሽ ደርቢያቸው። መለያየት የሚጀምሩበት ኬ የፎሪየር መስኮትሽ (ወደ ርቀት የምትቀይሪው የኬ ክልል) መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ያለፈውን ወደ ፊቲንግ አታስገቢ።