የደንበኞች ኢሜይል ዝርዝር፦ ይገዛል ወይስ ይሰበሰባል?

ጥያቄ፦ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ሱቅ አለኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት በአመዛኙ የምሸጠው በቴሌግራም ቻናሌና በፌስቡክ ገጼ ሲሆን፣ ከገቢዬ ከግማሽ የሚበልጠው የሚመጣው በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በዱባይ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ነው። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክ ተገድበው በነበረበት ጊዜ ለፋሲካ ያዝዙኝ የነበሩ ደንበኞቼን የማገኝበት መንገድ ጠፋኝ፤ የአብዛኞቹን ስልክ እንኳ መዝግቤ አልያዝኩም ነበር። አሁን ልጄ የኢሜይል ዝርዝር እንዳዘጋጅ እየወተወተኝ ነው። በዚህ መካከል አንድ ሰው በውጭ አገር የሚኖሩ የ10,000 ኢትዮጵያውያን የኢሜይል አድራሻ እንዳለውና ሊሸጥልኝ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ልግዛው? ካልገዛሁስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህታችን፣ አድራሻዎቹን አይግዙ። ገንዘቡ ብዙም ሆነ ጥቂት፣ ሻጩ የሚያውቁት ሰውም ቢሆን፣ ምክሬ አይለወጥም፤ ምክንያቱንም በዝርዝር ላስረዳዎት።

በመጀመሪያ የሕጉን ነገር እንመልከት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 15፣ ምርትን ወይም አገልግሎትን ለማስተዋወቅ ወይም ለመሸጥ በማሰብ ተቀባዩ ሳይፈቅድ ኢሜይል ማሠራጨትን በእስራትና በመቀጮ የሚያስቀጣ ጥፋት አድርጎ ደንግጓል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን የግል መረጃ ለመሰብሰብና ለመጠቀም ሕጋዊ መሠረት እንዲኖር ያስገድዳል። እስራኤል ውስጥ ያሉ ደንበኞችዎን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአገሪቱ ሕግ ያልፈቀደው ማስታወቂያ የደረሰው ሰው ጉዳት መድረሱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለእያንዳንዱ መልእክት እስከ 1,000 ሼቄል ካሣ በፍርድ ቤት እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከዚህ ይላላል፤ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅን አያስገድድም። ቢሆንም መልእክቱ የላኪውን እውነተኛ የፖስታ አድራሻ እንዲይዝ፣ ተቀባዩም በቃኝ ካለ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙ ከዝርዝሩ እንዲወጣ ያዝዛል።

እኔን ከሕጉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ የተገዛ ዝርዝር ከእውነተኛ ደንበኞችዎ ጋር ያቆራርጥዎታል። ጂሜይልና ያሁ የእያንዳንዱን ላኪ ጠባይ ይከታተላሉ። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጂሜይል ለላኪዎች ያስቀመጠው ጣሪያ፣ መልእክቱን ስፓም (ያልተፈለገ መልእክት) ነው ብለው የሚያመለክቱ ተቀባዮች ቁጥር ከመቶ 0.3 እንዳይደርስ የሚል ነው፤ ይህም ከ1,000 ሰዎች ሦስቱ ማለት ነው። ሰምተውዎት ከማያውቁ 10,000 ሰዎች መካከል አድራሻዬን ከየት አገኘችው ብለው የሚያመለክቱ 30 ሰዎች እንደማይጠፉ ለመገመት አያዳግትም። በዚህ ላይ በተገዛ ዝርዝር ውስጥ ባለቤቶቻቸው ከተዉአቸው ዓመታት ያለፉ አድራሻዎች ይኖራሉ፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ያለ ፈቃድ የሚልኩ ሰዎችን ለመለየት ሆን ተብለው እንደ ወጥመድ የተቀመጡ ናቸው። ስምዎ አንድ ጊዜ ከተበላሸ፣ ለአምስት ዓመት ከእርስዎ ጥበብ ስትገዛ የኖረችው የሜሪላንድ ደንበኛዎ እንኳ መልእክትዎን አታየውም፤ ስፓም ማኅደር ውስጥ ገብቶ ይቀራልና። ከዓመታት በፊት የማማክረው አንድ ድርጅት ምክሬን አልፎ እንዲህ ያለ ዝርዝር ገዝቶ ላከ፤ በማግስቱ ኢሜይሉን የሚልክለት አገልግሎት አካውንቱን ዘጋበት፤ ለነባር ደንበኞቹ የሚልከው ደረሰኝ ሳይቀር ለሳምንታት ስፓም ውስጥ ሲገባ ቆየ።

እንግዲህ ከየት ይጀመር? ሽያጩ ካለበት ነው። የቀድሞ ባለሱቅ የዱቤ ደብተሩን የሚሞላው እንግዳ ሰው እየጠራ አልነበረም፤ ዕቃ የወሰደውን ሰው በስሙ ይመዘግባል እንጂ። የእርስዎም ዝርዝር በዚሁ መንገድ፣ በአንድ በአንድ የሚሞላ ነው። ውጭ አገር ላለ ደንበኛ ጥቅል ሲልኩ የመከታተያ ቁጥሩን የሚያሳውቁበት አድራሻ መጠየቅዎ አይቀርም። ኢሜይሉን ለመቀበል ከዚህ የተሻለ ተፈጥሯዊ ጊዜ አላውቅም። ነገር ግን ለመከታተያ ቁጥር ተብሎ የተሰጠ አድራሻ ለማስታወቂያ እንደ ተፈቀደ አይቆጠርም። ስለዚህ ለብቻው ይጠይቁ፤ ጥያቄውም አጭርና ግልጽ ይሁን፦ «አዲስ ጥልፍ ሲወጣና ከበዓል በፊት የመጨረሻው የማዘዣ ቀን ሲቃረብ በኢሜይል ላሳውቅዎት? በወር ከሁለት ጊዜ በላይ አልጽፍም፤ በፈለጉት ጊዜ ማቆም ይችላሉ።» እሺ ያለዎትን ሰው ስም፣ የፈቀደበትን ቀንና በየት በኩል እንደፈቀደ ጭምር ይመዝግቡ። ጥያቄ ቢነሳ ማስረጃዎ ይህ ነው።

በክረምት ከውጭ የሚመጡ እንግዶች ሱቅዎን ሲጎበኙ አድራሻቸውን በደብተር ላይ በእጅ እንዲጽፉ ባያደርጉ እመርጣለሁ። በላቲን ፊደል በጥድፊያ በተጻፈ አድራሻ ላይ አንድ ቁጥርና ኤል ፊደል አይለዩም፣ ነጥብና ሰረዝም ይምታታሉ፤ በአንዲት ፊደል ስሕተትም መልእክቱ ለማያውቁት ሰው ይደርሳል። አጭር የመመዝገቢያ ቅጽ አዘጋጅተው፣ ማስፈንጠሪያውን (ሊንኩን) በኪውአር ኮድ አሳትመው ገንዘብ መቀበያው አጠገብ ይለጥፉ፤ እንግዳው በራሱ ስልክ ይሙላው። ቅጹ ከስም፣ ከኢሜይልና ከሚኖሩበት አገር ሌላ አይጠይቅ። ሰውየው እንደተመዘገበ ወዲያው «መመዝገብዎን ያረጋግጡ» የሚል አንድ ኢሜይል ይድረሰው፤ ማስፈንጠሪያውን ሲጫን ብቻ ወደ ዝርዝሩ ይግባ። በዚህ ሂደት ማረጋገጫውን ሳይጫኑ የሚቀሩ ሰዎች ስላሉ ብዙ ነጋዴዎች ይህን እርምጃ መዝለል ይመርጣሉ፤ እኔ ግን የተሳሳተ አድራሻንና የግድየለሽ ምዝገባን ስለሚያጣራ እንዲዘልሉት አልመክርም።

ለመመዝገባቸው ምን ልስጣቸው ብለው ይጨነቁ ይሆናል። ብዙዎች ወዲያው ቅናሽ ያስባሉ። የሸማኔውና የጠላፊው ድካም ዋጋ ከወጣ በኋላ በእጅዎ የሚቀረው ስንት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ስለሚያውቁት፣ ቅናሹን ለሌላ ጊዜ ቢያቆዩት እመርጣለሁ። በምትኩ የሚጠቅማቸውን እውቀት ይስጡ። ሩቅ አገር ሆኖ ቀሚስ የሚያዝዝ ሰው ትልቁ ስጋቱ ልክ ነው፤ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌና ቁመት በሜትር እንዴት እንደሚለኩ በፎቶግራፍ የሚያሳይ የሁለት ገጽ መመሪያ ያዘጋጁና ለተመዘገበ ሁሉ ይላኩ። ከዚህም ጋር ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ ልብስ እስከ መቼ መታዘዝ እንዳለበት የሚያሳይ የቀን መቁጠሪያ ያክሉበት። ጥበቡ ተሸምኖ፣ ተጠልፎና ተሰፍቶ ባሕር እስኪሻገር ሳምንታት እንደሚወስድ ብዙ ደንበኞች አያስቡትም፤ ቀኑን አስቀድመው የነገሩት ሰው ያመሰግንዎታል፣ ቀድሞም ያዝዛል።

ስለ አላላኩ ጥቂት ልጨምር። ከራስዎ ጂሜይል የሁሉንም አድራሻ በተቀባይ መስመር ላይ ደርድረው ፈጽሞ አይላኩ፤ እያንዳንዱ ደንበኛ የሌሎቹን አድራሻ ያያልና። መደበኛ የጂሜይል አካውንት በቀን ለ500 ተቀባዮች ብቻ ነው የሚልከው፤ «ከዝርዝሩ ልውጣ» የሚል ማስፈንጠሪያም በራሱ አያበጅልዎትም። ለዚህ ተብለው የተሠሩ የመላኪያ አገልግሎቶች አሉ፤ ለምሳሌ ብሬቮ የተባለው በነጻ በቀን እስከ 300 ኢሜይል ይልካል፤ ለጀማሪ ሱቅ ከበቂ በላይ ነው። የሚከፈልባቸው አገልግሎቶች የውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚጠይቁ፣ ዝርዝሩ ራሱን ማስከፈል እስኪችል ድረስ በነጻው ቢቆዩ ይሻላል። አንድ ወጪ ግን አይሽሹ፤ የሱቅዎን ስም የያዘ የራስዎ ዶሜይን (የኢንተርኔት አድራሻ ስም) ይኑርዎት። የዶት ኢቲ ዶሜይን የሚሰጠው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። መልእክቱ በጂሜይል አድራሻ ስም ከሌላ አገልግሎት ሲላክ ተቀባዮቹ አገልግሎቶች ይጠራጠሩታል። ልጅዎ በዶሜይኑ ላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የተባሉትን ሦስት ማረጋገጫዎች ያስተካክል፤ ላኪዋ በእርግጥ እርስዎ መሆንዎን የሚመሰክሩት እነርሱ ናቸውና። የመላኪያው አገልግሎት ምን ምን መጻፍ እንዳለበት ደረጃ በደረጃ ያሳየዋል።

በቴሌግራም የለመዱትን አንድ ልማድ ወደ ኢሜይል አያምጡት። ዋጋውን፣ ልኩንና ስልኩን ሁሉ ፎቶው ላይ ጽፎ መለጠፍ እዚያ ይሠራል፤ በኢሜይል ግን ተቀባዩ ካልፈቀደ ሥዕሉ የማይከፈትበት ጊዜ ስላለ ሰውዬው ባዶ ሳጥን ብቻ ሊያይ ይችላል። ዋጋውና ዝርዝሩ በፊደል ይጻፍ፤ ፎቶው አጃቢ ይሁን። ሰዓቱን በተመለከተ፣ በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቢልኩ ዋሽንግተን ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይሆናል፤ እስራኤልና ዱባይ ደግሞ ሰው ከሥራ የሚወጣበት ምሽት ነው፤ ሁሉንም ወገን በአንድ ጊዜ ለማግኘት የሚመች ሰዓት ነው።

ቴሌግራምዎን አይተዉት፤ ዛሬ ደንበኛ ያለው እዚያ ነው። የመመዝገቢያውን ማስፈንጠሪያ በቻናሉ አናት ላይ ፒን ያድርጉትና በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጊዜ ያስታውሱ። በመጀመሪያው ዓመት 200 ፈቃደኛ ሰዎች ቢያገኙ እኔ እንደ መልካም ጅምር እቆጥረዋለሁ፤ እነዚህ 200 ሰዎች ዳግመኛ ቻናሉ ቢዘጋ እንኳ የሚያገኙዋቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ባሕር ዳር ማርና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ደንበኞቼ በሙሉ አገር ውስጥ ናቸው። ከ300 በላይ ኢሜይል በፈቃዳቸው ሰበሰብኩ፤ ነገር ግን መልእክቱን የሚከፍቱት በጣም ጥቂት ናቸው። የት ላይ ተሳሳትኩ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስሕተቱ በአጻጻፍዎ ላይ ያለ አይመስለኝም። በአገራችን ብዙ ሰው ኢሜይል ያለው አንድሮይድ ስልኩ አፕሊኬሽን ለማውረድ የጉግል አካውንት ስለጠየቀው ነው፤ አካውንቱን የከፈተለትም አብዛኛውን ጊዜ ስልኩን የሸጠለት ልጅ ነው። ባለቤቱ የይለፍ ቃሉን አያስታውሰውም፤ ሳጥኑንም ከፍቶ አያውቅም። ኢሜይል የሚያነበው በሥራው የሚጠቀምበት ሰው ነው፤ ስለዚህ ዝርዝርዎን ለሁለት ይክፈሉት። ሆቴሎችን፣ ምግብ ቤቶችንና መሥሪያ ቤቶችን በኢሜይል ያግኙ፤ የዋጋ ዝርዝርና የአቅርቦት መጠን ለዕቃ ግዥ ሠራተኛው የሚላክበት ትክክለኛ መንገድ ይህ ነው። የቤት እመቤቷንና የጎረቤት ደንበኛውን ግን በየትኛው መንገድ ቢነገራቸው እንደሚመርጡ ይጠይቋቸው፤ አብዛኞቹ ቴሌግራም ወይም አጭር የጽሑፍ መልእክት ይላሉ። በአጭር መልእክት ሲጽፉ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄያት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ተቆጥሮ ያስከፍላል። ስለዚህ ምርቱን፣ ዋጋውንና ስልኩን ብቻ ይጻፉ።

የ«ከፈቱት» ቁጥርንም እንዳለ አይመኑት። ከ2021 እ.ኤ.አ. መጸው ጀምሮ አፕል በሜይል መተግበሪያው የተጠቃሚውን ግላዊነት ለመጠበቅ ሲል ሰውዬው ሳያነበው እንኳ መልእክቱ እንደተከፈተ እንዲቆጠር የሚያደርግ አሠራር አምጥቷል፤ ሥዕል ያልከፈተ አንባቢ ደግሞ አንብቦም ላይቆጠር ይችላል። መልሰው የጻፉልዎትንና ያዘዙትን ሰዎች ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ከዓመት በላይ አንድም ጊዜ ያልመለሱልኝን ተመዝጋቢዎች ላስወግዳቸው? ቁጥሩ ሲቀንስ ያሳዝነኛል።

መልስ፦ ያስወግዷቸው፤ ነገር ግን አስቀድመው አንድ ጊዜ ይጠይቋቸው። «መልእክቴን መቀበል እንዲቀጥሉ ይፈልጋሉ?» የሚል፣ አንድ ማስፈንጠሪያ ብቻ ያለው አጭር ደብዳቤ ይላኩና ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። ያልመለሰውን ያውጡት። ሳይጠየቅ በራሱ «ከዝርዝሩ ልውጣ» ያለውን ግን ከሁለት ቀን በላይ አያቆዩት፤ ጂሜይልና ያሁ በብዛት ከሚልኩ ሰዎች የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ለምን እንደሚወጣም አይከራከሩት፤ ቅር ብሎት ከሆነ ስልክዎን ያውቀዋል።